የለኪዋ አስራ ሦስት ደቂቃ

ሴትዮዋ የተገኘችው ጠዋት፣ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ወደ ጣሪያው በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር ነው። ያገኛት የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ነበር። በር ሊከፍት መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ሕንጻውን አንዴ ሊዞረው ሲል፣ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ዓይኑን የያዘው ደሙ አልነበረም። የራስ ሻሿ ነበር። አራት ጊዜ ታጥፎ፣ እንደ ትራስ ከጭንቅላቷ ሥር ገብቷል። ከደረጃ የወደቀ ሰው ለራሱ ትራስ አያበጅም።

«እርስዎ ነዎት እንዲህ ያስተኟት?»

«ኧረ እኔ በእጄም አልነካኋት!» አለ ጥበቃው። ስድሳን ያለፈ ሰው ነው። በአንድ እጁ ቁልፎቹን፣ በሌላው የተገመጠ ዳቦ ይዟል፤ ዳቦውን የት እንደሚያደርገው ጨንቆታል። «ዛሬ ሁሉም ነገር እንዳልሆነ ሆነ። ዳቦው አሮ፣ እሷ ሞታ…»

«ማን ናት?»

«ለኪዋ ነው የምንላት። አየር ትለካለች።»

«አየር?»

«እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ እንደርስዎ ነው ያልኩት። ግን ደሞዝ ይከፈላታል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ ትወጣለች፤ እኔ ስደርስ ስትወርድ ነው የማገኛት። ደህና አደሩ፣ ደህና ዋሉ፤ ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

«ቤተሰብ አላት?»

ጥበቃው አሰበ። «ሲመጣላት ያየሁት ሰው የለም። ሰው አላት ከተባለ ማዶ ያለችው ጋጋሪዋ ናት። ምሳዋን እዚያ ነው የምትበላው።»

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ወጣ። ጣሪያው ላይ ቁመቱ እስከ ደረቱ የሚደርስ ግራጫ ሣጥን ቆሟል። ከአናቱ አየር የሚስብ ቱቦ ወጥቷል። የቱቦው አፍ ካልሲ ለብሷል፤ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ሰማያዊ የሴት ካልሲ፣ በክር ጥድፍ ጥድፍ ተብሎ ታስሮ።

ከዚያ ሆኖ ሰፈሩን አየ። በየጣሪያው ጭስ ማውጫ፣ ከየጭስ ማውጫው ጭስ። ጉሮሮውን ከረከረው። ወደዚህ ከተማ ከተዛወረ ስምንት ወር ሆኖታል፤ እስካሁን ጉንፋን ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ነበር።

*

ጋጋሪዋ ዜናውን ስትሰማ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። አርባ አምስት ቢሆናት ነው፤ እጆቿ እስከ ክርን ነጭ ናቸው። አልጮኸችም። እንባዋ ግን ዝም ብሎ ወረደ።

«ትላንት ምሳ አብረን በልተናል» አለች። «ዛሬም ትመጣለች ብዬ…»

ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ሳለ። ረጅም፣ ማብቂያ የሌለው ሳል ነበር።

«ባለቤቴ ነው። ሃያ ዓመት ምድጃው አፍ ላይ ቆሞ ነው እንዲህ የሆነው። አሁን እኔ ነኝ የምጋግረው።»

«ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ አላዩዋትም?»

«በዚያ ሰዓት ሁለተኛው ዙር ምድጃ ውስጥ ነው፤ ቀና ብዬም አላይ።» በክንዷ ፊቷን ጠረገች። ዱቄቱ ከእንባው ጋር ተለወሰ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ማነው የሚቀብራት?»



*

አየር የምትለካው ለማን እንደሆነ የነገረው ሰፈሩ «ደጅ ጠኚው» የሚለው ሰው ነው። ቢሮው ከጫማ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሰውዬው አርባ አይሞላውም፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፣ የጫማው ሶል ግን አልቋል።

«ስሙን ያወጡልኝ ለቀልድ ነው» አለ፣ ሳይስቅ። «ግን እውነታቸውን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ለንጹሕ አየር ገንዘብ ፍለጋ ያልጠናሁት ደጅ የለም። ባንክ፣ በጎ አድራጊ፣ የውጭ ድርጅት፣ ሁሉም ጋ።»

«ገንዘቡ ለምንድነው?»

«ለምድጃ። ሰፈሩ ውስጥ አርባ አንድ ዳቦ ቤት አለ፤ ሁሉም በእንጨት ነበር የሚሠሩት። በመጀመሪያው ዙር ብድር አስራ ሁለቱን ወደ ኤሌክትሪክ ቀየርን። ሃያ ዘጠኝ ይቀራሉ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ግን አንድ ቃል አስገቡን፤ የሰፈሩ ጭስ በዓመት ውስጥ በሲሶ ካልቀነሰ ሁለተኛው ዙር የለም። ያንን የምትለካላቸው እሷ ነበረች።»

«ቀንሷል?»

«ካለፉት አራት ወራት ወዲህ በጣም።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ዓመቱ የሚያልቀው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።»

«ጣሪያው ላይ ያለውን ካልሲ ታውቃለህ?»

«የምን ካልሲ?» የደነገጠው ከልቡ ይመስላል።

«ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«ጠላት ነበራት?»

«እሷ እንኳን ጠላት ወዳጅም አልነበራት። ግን እንጨት ነጋዴውን ይጠይቁት።»

*

እንጨት ነጋዴውን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሰፈሩ ቀድሞ ተናግሮለት ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ በሰው ፊት፣ «ያንን ሣጥን ከነባለቤቱ ከጣሪያ አወርደዋለሁ» ብሎ ዝቷል። አስራ ሁለት ደንበኛ ወስደውበታል፤ ሃያ ዘጠኙም ከሄዱ ቅጥሩን ዘግቶ ቤቱ መቀመጥ ነው።

«ብያለሁ» አለ ሽማግሌው፣ የተፈለጠ እንጨት ላይ ተቀምጦ። «አፌ ክፉ ነው። ሚስቴም በአፌ ነው ጥላኝ የሄደችው። ግን ልጄ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ ያንን ደረጃ እወጣለሁ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ተኝቼ።»

«ማን ይመሰክራል?»

ሽማግሌው ትከሻውን ሰበቀ። «ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል? አንተ ዛሬ ጠዋት ቤትህ እንደነበርክ ማን ይመሰክርልሃል?»

ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሆነ። ሽማግሌውን ግን ይዞት ሄደ።

*

የለኪዋ ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ የመጨረሻዋ ክፍል ናት። አከራይዋ በሩን ከፈተችለትና «ኪራይ አሳልፋብኝ አታውቅም» አለች፤ ስለ ተከራይዋ የምታውቀው ይኸው ብቻ ነበር።

አልጋ። ጠረጴዛ። አንድ ወንበር። መደርደሪያው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ብርጭቆ። አንደኛው ብርጭቆ ከመታጠብ ብዛት ደብዝዟል፤ ሁለተኛው ላይ ዋጋው እንደተለጠፈ ነው። ኢንስፔክተሩ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ቆሞ አየው። እሱም እንግዳ ቢመጣ ብሎ የገዛው፣ ከካርቶን ያላወጣው የቡና ማፍያ አለው።

መሳቢያው ውስጥ አንድ እግር ሰማያዊ ካልሲ አገኘ። ሌላኛው እግር የት እንዳለ ያውቃል።

ከካልሲው ሥር የታሸገ ፖስታ ነበር፤ አድራሻ ተጽፎበታል፣ ቴምብር አልተለጠፈበትም። ከፍቶ አነበበው።

«ለሚመለከታችሁ። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ከዚህ ጣሪያ የደረሳችሁ ቁጥር ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የሰፈሩ አየር አልጸዳም። አስራ ሁለት ምድጃ ተቀይሮ ሃያ ዘጠኙ እየጨሰ እንዴት ይጸዳል? እናንተ አየሩ ከጸዳ ገንዘቡን እንሰጣለን አላችሁ። አየሩ የሚጸዳው ግን ገንዘቡ ሲመጣ ነው። ይህን ፊት ለፊት መንገር ሲገባኝ፣ ወዳጄን ደስ ላሰኝ ብዬ መሣሪያውን አፈንኩት። እውነተኛውን ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ እልካለሁ። አየሩ መጥፎ ነው። ገንዘቡ የሚያስፈልገንም ለዚሁ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እንደገና አነበበው። በሙሉ ደብዳቤው ውስጥ «ወዳጄ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙ ነበር።

«ወዲያው አልሞተችም» አለ ሐኪሙ። «አስር ደቂቃ ያህል ቆይታለች። አፏ አካባቢ የነበረውን ደም ሰው ጠርጎላታል።»

«ሐኪም ቤት ብትደርስ ኖሮ?»

«እንጃ። ትተርፍ ነበር ብዬ ነው የማስበው።»

*

የአየር መለኪያውን የምትጠግነው ባለሙያ መሣሪያው የመዘገበውን ወረቀት ላይ አትማ አመጣች። በየደቂቃው አንድ መስመር።

«ይኸውልዎት» አለች። «ካልሲው እያለ ቁጥሩ አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ አካባቢ ነው። ንጹሕ አየር። ሁለት ሰዓት ከአስራ አንድ ደቂቃ ላይ ግን ዘሎ መቶ አርባ ገባ።»

«ካልሲውን ሰው አወለቀው።»

«አዎ። ትክክለኛው የሰፈሩ አየር ይሄ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ አራት ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ወረደ።»

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። «መልሰው አጠለቁት።»

«አስራ ሦስት ደቂቃ ቆይተው።»

ሟቿ ከወደቀች በኋላ ወጥታ ካልሲ አታስርም። መልሶ ያሰረው ሌላ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ እንዲል የፈለገ ሰው። እንጨት ነጋዴው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነበር። እሱ ቢሆን ቱቦውን ክፍት ትቶት፣ ጭሱ በደንብ ይለካ ብሎ፣ እያፏጨ ነበር የሚወርደው።

«ሌላም አለ» አለች ባለሙያዋ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኑራ። «መሣሪያው ደቃቁን ጭስና ሻካራውን ብናኝ ለየብቻ ነው የሚቆጥረው። ካልሲው ከመመለሱ አንዲት ደቂቃ በፊት ሻካራው ሰማይ ነክቷል። ሰው አጠገቡ ልብሱን ያራገፈ ይመስላል።»

«ምን ዓይነት ብናኝ ነው?»

«ይህን አይነግረንም። አሸዋም፣ ኖራም፣ ምንም ሊሆን ይችላል።»

እንጨት ነጋዴው በዚያው ከሰዓት ተለቀቀ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ «ልጄ፣ እዚህ ቢያንስ የሚያናግረኝ ሰው ነበር» ብሎ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም።

*

ገንዘቡን ከማንም በላይ የሚፈልገው ደጅ ጠኚው ነው። ኢንስፔክተሩ ገንዘብ ሰጪዎቹ ቢሮ ደወለ። በማግስቱ ደጅ ጠኚው ፊት ተቀመጠ።

«በዚያ ጠዋት ስብሰባ አልነበረም። ከአምስት ሳምንት ወዲህ አንድም ስብሰባ አልነበረም።»

ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ።

«የት ነበርክ?»

«ባንክ ቤት።»

«የት ባንክ ቤት? ማንን ስታናግር?»

«ማንንም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር።» ድምፁ ወረደ። «የብድር ኃላፊው ዛሬ ያነጋግርሃል፣ ነገ ያነጋግርሃል ይሉኛል። እጠብቃለሁ። ለምሳ ሲዘጉ እወጣለሁ። ስድስት ቀኔ ነው። ጥበቃዋን ይጠይቋት፤ ታውቀኛለች።»

ኢንስፔክተሩ ጠየቃት። እውነት ነበር። «ያ ምስኪን?» አለች የባንኩ ጥበቃ። «ጠዋት በር ስንከፍት ይገባል፣ ለምሳ ስንዘጋ ይወጣል። እኔ እንኳ አንጀቴን በልቶት ውኃ ሰጥቼዋለሁ።»

ተመልሶ መጣ። ደጅ ጠኚው ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም ነበር።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ባንኩን ከነገርኩዎት ቀሪውን ሊጠይቁኝ ነዋ።» ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ሁለተኛው ዙር የለም። ገንዘብ ሰጪዎቹ ከአምስት ሳምንት በፊት ጻፉልኝ፤ ወደ ሌላ ከተማ አዙረውታል። ከልብ እናዝናለን ይላል ደብዳቤው።»

«በቁጥሩ ምክንያት ነው?»

«ቁጥሩን ማን አየውና!»

«ይህን ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። ሰባት ዓመት ሙሉ ይመጣል፣ ይመጣል ስል ኖሬ፣ አይመጣም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ሌላ ካገኘሁ በኋላ አብሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ…» አልጨረሰውም።

ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች ሰዎች ዳቦ ይዘው ያልፋሉ። ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ሃያ ዘጠኙ ዳቦ ቤቶች ተራ አላቸው?» አለ ሳይዞር።

«አዎ፣ ዝርዝር አለ።»

«አንደኛዋ ማን ናት?»

*

ዳቦ ቤቱ ባዶ ነበር። ጋጋሪዋ ለማታው ሊጥ ታቦካለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ይሰማል።

«ዳቦ አልቋል» አለች።

«ዳቦ ፈልጌ አይደለም። በዚያ ጠዋት ሁለተኛው ዙር ለምን አረረ?»

እጆቿ ሊጡ ውስጥ ቆሙ።

«የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ያረረ ዳቦ በእጁ ይዞ ነበር። ሦስት ደንበኞችዎንም ጠይቄያለሁ። እዚህ ቤት ዳቦ ሲያር አይተው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ታቹ ከሰል ነበር።»

«እንጨቱ ነው፤ እርጥብ ነበር» አለች።

«እርጥብ እንጨት ዳቦ አያሳርርም።»

ሳሉ ቆመ። የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር።

«መሣሪያው ብናኝ ይቆጥራል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካልሲው ሲመለስ ከጎኑ የቆመው ሰው ልብስ ላይ የነበረውን ሁሉ ቆጥሮታል። ዱቄት ነበር።» ባለሙያዋ ይህን አላለችም፤ እሱ ግን የጋጋሪዋን እጆች እያየ ነበር።

ጋጋሪዋ እጆቿን ከሊጡ አወጣች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገች፤ ጊዜ ወሰደባት።

«ምሳ ላይ ነገረችኝ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ካልሲውን አወልቃለሁ፣ ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሱን ሳል ስሰማ አደርኩ። ተራችን አንደኛ ነው። አንድ ወር ነበር የቀረን፤ አንድ ወር! ጠዋት ስትወጣ አየኋትና ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ትቼ ሮጥኩ። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ‹ስለ አንቺ ብዬ አራት ወር ዋሸሁ፣ አሁን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ› አለችኝ። ካልሲውን ነጠቀችኝ። ነጠቅኋት። ደረጃው አናት ላይ ገፋኋት ወይስ ለቀቅኋት፣ ይኸው እስካሁን አላውቀውም።»

«ከዚያስ?»

«ወረድኩ። ራሷን አቀፍኩ፣ ሻሿን አጥፌ ከሥሯ አደረግሁላት። ዓይኗ ክፍት ነበር፤ ታየኝ ነበር። አፏን ጠረግሁላት።»

«ሰው አልጠሩም።»

«አልጠራሁም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ብትተርፍ ትናገራለች ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህን አስቤያለሁ። ደግሞም እንዳትሞት እየለመንኳት ነበር። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። እጇ ሲቀዘቅዝ፣ በከንቱስ አትቀር ብዬ ወጥቼ መልሼ አሰርኩት።»

መጋረጃው ተገለጠ። ባልየው በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር የተረፈው የለም። የሚናገረው ያለው ይመስል ነበር። ትንፋሽ አጠረው።

«ወንድሜ» አለች ጋጋሪዋ፣ «እኔስ የሠራሁትን አገኛለሁ። አሁን ቁጥሩ ውሸት እንደነበረ ሲያውቁ ግን ገንዘቡ ይቀራል? ለሌሎቹስ?»

ኢንስፔክተሩ ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሠርቷል። ብዙ ሰው አሥሯል፤ ብዙ ሰው ሰድቦታል። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ባይነግራት ሌላ ሰው ይነግራታል፤ ያውም በፍርድ ቤት፣ በሰው ፊት።

«ገንዘቡ ከቀረ አምስት ሳምንት ሆኖታል» አላት። «በቁጥሩ አይደለም። ወደ ሌላ ቦታ አዙረውታል።»

ለመረዳት ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«እሷ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«እንኳን አላወቀች» አለች፣ እንደ ሹክሹክታ። «እንኳን አላወቀች።»

*

አስከሬኑን የሚጠይቅ ሰው አልመጣም። ኢንስፔክተሩ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ የትውልድ መንደሯ ድረስ አስደወለ። አንድ የሩቅ ዘመድ፣ «ሞታ ኖሯል?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። በአራተኛው ቀን ኢንስፔክተሩ ራሱ ፈርሞ አወጣት።

መቃብሩ ዘንድ የተገኙት ጥቂት ናቸው። ጥበቃው ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ደጅ ጠኚው የደብዳቤዋን ቅጂ በኪሱ ይዟል፤ ከኢንስፔክተሩ ለምኖ ወስዶ ለባንኩና ለሌሎች አራት ድርጅቶች ልኮታል። ባንኩና ከአራቱ ሦስቱ መልስ አልሰጡም። አንዱ፣ የአካባቢው አነስተኛ የቁጠባ ማኅበር፣ ለአምስት ምድጃ የሚሆን ብድር ይታያል ብሏል። «ለአምስት» ይላል ደጅ ጠኚው ለሰው ሁሉ፣ ይደሰት ይዘን ሳይታወቀው። «አየሩ መጥፎ ነው ብላ የጻፈችውን ነው ደጋግመው ያነበቡት።» እንጨት ነጋዴው ራቅ ብሎ፣ ያልተጠራ ሰው አቋቋም ቆሟል።

ጋጋሪዋ በሁለት ፖሊስ ታጅባ መጣች። ለመምጣት የለመነችው ኢንስፔክተሩን ነው፤ አለቃው ሲቆጣ እሱ ፈርሞላታል። ካቴናው እንዳይታይ እጇ ላይ ሹራብ ጣል ተደርጓል፤ ግን ሁሉም ያውቃል። ማንም ወደ እሷ አልተጠጋም።

ሬሳው ሲወርድ ቆፋሪው አካፋውን ተደግፎ ዞር ዞር አለ። ሥራው ነው፤ በየቀኑ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው።

«ዘመድ ማነው? አፈሩን የሚጀምር?»

ደጅ ጠኚው ጫማውን አየ። ጥበቃው ኢንስፔክተሩን አየ። ኢንስፔክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሊል አሰበ፤ ግን በሕይወት አንድ ቀን እንኳ አላወቃትም፤ የሚያውቀው ብርጭቆዎቿን ብቻ ነው።

«ዘመድ የላትም?» አለ ቆፋሪው እንደገና።

«ከኔ ሌላ የላትም» አለች ጋጋሪዋ።

ሁሉም ዞሮ አያት። የሚቃወም ጠፋ፤ ሌላ የሚቀርብ ሰው ስላልነበረ።

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ የካቴናውን ቁልፍ አወጣ።